ለአራት ሰው በቀን ስንት ሊትር?

ውኃ በእኛ ሰፈር ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት ይመጣል። ይመጣል ማለት ደግሞ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ሌሊት አልተኛም። ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ የቧንቧውን ማጉረምረም እየጠበቅኩ ስልኬን እነካካለሁ። በባለሸራ ጀልባ ዓለምን የሚዞሩ ሰዎች የሚወያዩበት መድረክ ላይ የወደቅኩትም እንዲሁ ስነካካ ነው። እኔ ፓሲፊክን አይቼ አላውቅም። ባሕር ያየሁት አንዴ ጅቡቲ ለሥራ ሄጄ፣ ያውም በኮንቴይነር መሃል አጮልቄ ነው።

ክሩ፣ ማለትም አንዱ ጥያቄ ከነመልሶቹ፣ የተጀመረው ጥር ላይ ነው። የጀመረችው የሁለት ልጆች እናት ናት። ወንዱ 7፣ ሴቷ 10 ዓመታቸው ነው። ከባሏ ጋር 12 ሜትር የምትረዝም ጀልባ ገዝተው ፓናማ ደርሰዋል። ሐሳባቸው ፓሲፊክን አቋርጦ መጀመሪያ ማርኬሳስ፣ ከዚያ ቱአሞቱ መግባት ነው። ሁለቱም የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴቶች ናቸው። የጀልባዋ ታንከር 380 ሊትር ይይዛል። ለአራት ሰው በቀን ስንት ሊትር እንደሚበቃ፣ ብዙ ሺህ ዶላር አውጥተው የባሕር ውኃ ማጣሪያ ቢገዙ ይሻል እንደሆነ ጠየቀች። ጥያቄዋ አራት መስመር አይሞላም። ዛሬ ከሥሩ 58 መልስ አለ። ሁሉንም አንብቤያለሁ። ሁለቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ጋ እደርሳለሁ።

1ኛው መላሽ ቸር ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 20 ሊትር ቢመድቡ ማንም እንደማይቸገር ነገራት። 2ኛው ስሌት ይዞ መጣ። 20 በ4 ሲባዛ 80 ነው፤ 380ው አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። ከፓናማ ቀጥሎ ካሉት ከጋላፓጎስ ደሴቶች እስከ ማርኬሳስ ደግሞ 3,000 ኖቲካል ማይል ገደማ፣ ማለትም ወደ 5,500 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች ጀልባ ሦስት ሳምንት ያስኬዳል። በመሃል አረፍ የሚሉበት አንድም ደሴት የለም። ቸሩ ሰውዬ ከዚያ በኋላ በክሩ ላይ አልታየም።

3ኛውን የጻፉት አዛውንት ናቸው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶችም እንዲሁ) ከባለቤታቸው ጋር በ9 ሜትር ጀልባ ያንኑ መንገድ ሄደውበታል። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ እሱም ለመጠጥና ለምግብ ብቻ እንደነበር አስታወሱ። ገላ፣ ዕቃ፣ ልብስ፣ ሁሉም በባሕር ውኃ። አነጋገራቸው ጨዋ ነው፤ ግን የዛሬ ሰው ተሞላቀቀ የምትል ነገር ከሥሩ ትሸታለች። 4ኛው ይህንንም አሰላው። በቀን 16 ሊትር ከሆነ 380ው 23 ቀን ይዘልቃል። መንገዱ 21 ቀን ነው። ነፋሱ ሦስት ቀን ቢተኛ ምን እንደሚጠጡ ጠየቀ። ሽማግሌው አልመለሱም። 5ኛው ነገሩን በሌላ በኩል ያዘው፦ ውኃ በአንድ ታንከር ብቻ እንደማይያዝ። ታንከሩ ቢሰነጠቅ ወይም የባሕር ውኃ ቢቀላቀልበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ የተወሰነው በጀሪካን ተከፋፍሎ ይቀመጥ። ይህን ሳነብ ዞር ብዬ በረንዳዬ ላይ የተደረደሩትን ስድስት ቢጫ ጀሪካኖች አየኋቸው። ሰዎቹ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጎረቤቶቼ ሆኑ።

ከ6ኛው እስከ 8ኛው የቤት እመቤት ወሬ ነው፤ እኔ ግን በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ተራ የገላ ሳሙና በባሕር ውኃ አረፋ አይሰጥም፣ ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። ላርጎ የምንለው ዓይነት ፈሳሽ ሳሙና ግን ጥሩ አረፋ ያወጣል። ስለዚህ ሰው በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ገላውን ታጥቦ፣ ባሕር ውስጥ ዘሎ ገብቶ፣ በመጨረሻ በአንድ ጆግ ንጹሕ ውኃ ይለቃለቃል። ልብስ በባሕር ውኃ ታጥቦ ካልተለቃለቀ ግን መቼም አይደርቅም። ጨርቁ ውስጥ የቀረው ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ማታ ማታ ይረጥባል። እንዲህ ያለ አንሶላ ላይ የተኛች ሴት ለአንድ ወር የእንቁራሪት ኑሮ እንደኖረች ተናገረች። 8ኛው ሩዝና ድንች ሲቀቀል አንድ ሦስተኛው የባሕር ውኃ ቢሆን ጨው መጨመር እንደማያስፈልግ መከረ። ከአንድ ሦስተኛ ካለፈ ግን ልጆቹ እንደሚተፉት አስጠነቀቀ።

9ኛው መልስ የአንድ ጥገና ባለሙያ ነው። ስለ ማጣሪያው ማንም ሰው በሚገባው መንገድ አስረዳ። ማሽኑ የባሕር ውኃን በ55 ባር ገደማ ግፊት ሜምብሬን በሚባል እጅግ ረቂቅ ወንፊት ውስጥ ያስገድደዋል። ውኃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል። የመኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ከምናምን መሆኑን ስናስብ ፓምፑ ምን እንደሚችል ይገባናል። ያለ ሥራ ቀናት ከተቀመጠ ውስጡ ስለሚበሰብስ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ዘይት በሚንሳፈፍበት ወደብ ውስጥ ማስነሳት ክልክል ነው። ዋናው ማስጠንቀቂያው ግን ስለ ክሎሪን ነበር። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ በከሰል ፊልተር ሳያልፍ ከታጠበበት ሜምብሬኑ ያለቀለት ነው።

10ኛው በንዴት የተጻፈ ነው። የእሱ ማሽን በሦስተኛ ሳምንቱ ሞተ። የሻጩን ስም ጠርቶ ሰደበ፤ እኔ ስሙን አላነሳም። 11ኛው በትሕትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን ወደብ ላይ በቧንቧ ውኃ አጥቦት ነበር ወይ? 12ኛው ራሱ ተናዳጁ ነው። ለጥያቄው መልስ የለውም፤ 30 ዓመት ባሕር ላይ እንደኖረና ከማንም ትምህርት እንደማይቀበል ብቻ ገለጸ። 13ኛው፣ ክሎሪን የሥራ ልምድ ጠይቆ እንደማያውቅ ጣል አድርጎ ወጣ። ለዚህች 40 ሰው ላይክ ሰጠ።

14ኛው ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ያልጠበቀችው ሰልፍ በሯ ላይ የቆመባት ሰው ትመስላለች። ደሴቶቹ ላይ ሲደርሱ ቧንቧ ከፍተው መሙላት አይቻል እንደሆነ ጠየቀች። 15ኛው ሁለቱን ለየላት። ማርኬሳስ ረጃጅም የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው። ዝናብ አላቸው፣ ጅረትም አላቸው። ከዚያ 500 ኖቲካል ማይል፣ የአራት አምስት ቀን መንገድ ሲኬድ ያለው ቱአሞቱ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያሉት አቶል የሚባሉ የኮራል ቀለበቶች ናቸው፤ ኮራል ባሕር ውስጥ የሚያድግ፣ አጽሙ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ፍጡር ነው። መሃላቸው ሰፊ የተከለለ ባሕር አለ፤ መሬታቸው ከባሕር በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ዳርዊን በ1842 እንዳስረዳው፣ እሳተ ገሞራው ቀስ እያለ ሲሰምጥ ዙሪያውን የበቀለው ኮራል ወደ ላይ ማደጉን ስላላቆመ ቀለበቱ ብቻ ቀረ። ተራራ ከሌለ ጅረት የለም። ጅረት ከሌለ ቧንቧውን ከምን ትሞላዋለህ?

ነገሩን ያቀጣጠለው 16ኛው ነው። ሰውዬው አንድ አቶል ላይ ወርዶ፣ መንደር ውስጥ ቧንቧ አግኝቶ፣ አሥር ጀሪካን ሞልቶ መመለሱን ጻፈ። ፎቶም ለጠፈ። ጀሪካኖቹ በትንሿ የጎማ ጀልባ ላይ ተደርድረዋል፣ እሱ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ይስቃል። 17ኛው ይህን ስትለጥፍ አታፍርም ወይ የሚል ዓይነት ነበር። 18ኛው ሌባ አለው። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የሰውዬው ስህተት መጀመሪያ አልታየኝም። ቧንቧ ካገኘህ ትሞላለህ። እኛ ሰፈር ሕጉ ይኸው ነው።

ከዚያ 19ኛው መልስ መጣ። የጻፈችው እናቷ ከእነዚያ ደሴቶች በአንዱ የተወለደች ሴት ናት። ክረምት ክረምቱን አያቷ ቤት እየሄደች ነው ያደገችው። ያልተናደደች ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት። ቤቱን ሣለችው፦ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዙሪያውን አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ሥር ታንከር። ዝናብ ሲወርድ ይሞላል፣ ካልወረደ ይጎድላል። የቤተሰቡ መጠጥ ያ ብቻ ነው። ከአሸዋው በታች በጨዋማው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚገኝ ስስ ንጹሕ ውኃ አለ፤ እሱ ለዕጥበት ነው። አስተዛዛቢውን ነገር በመጨረሻ አመጣችው። ባለጀልባዎች በዚያ የሚበዙት አውሎ ነፋስ በማይመጣባቸው ወራት ነው፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት። እነዚያ ወራት ደግሞ ዝናብ የሚያንስባቸው ናቸው። እንግዳው የሚደርሰው ልክ ታንከሩ ሲጎድል ነው ማለት ነው።

አያቷ ጠዋት ከቡና በፊት የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። ከታንከሩ አጠገብ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንጓ ከታች ጀምረው እያንኳኩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ውኃ ያለበት ጋ ድምፁ ድፍን ነው። ባዶው ጋ ሲደርሱ ያስተጋባል። ድምፁ የተለወጠበት ላይ እጃቸውን አሳርፈው ትንሽ ይቆያሉ። የዚያን ቀን ልብስ ይታጠብ አይታጠብ የሚወሰነው እዚያች ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስልኩን አስቀመጥኩ። እናቴ በርሜላችንን ልክ እንደዚያ ነው የምታንኳኳው። አሁን በርሜሉ በሮቶ ተተካ፣ እሷ ግን ማንኳኳቱን አልተወችም።

ሴትዮዋ ውኃ መለመን ነውር እንዳልሆነ አክላለች። አያቷ ከጀልባ የወረደ ሰው ሳይጠጣ እንዲሄድ ፈቅደው አያውቁም። እንዲያውም እምቢ ማለት ነበር የሚያስቀይማቸው። ያስከፋቸው የነበረው ሰላም ሳይል አሥር ጀሪካን ይዞ የሚመጣው ነው። 20ኛው ላይ ባለጀሪካኑ ተመልሶ፣ ለመንደሩ አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ሥጋ ሰጥቶ እንደነበር ተከራከረ። 21ኛው፣ ቧንቧው የማን እንደነበር፣ የማዘጋጃ ቤት ይሁን የግለሰብ፣ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። 22ኛው ይቅርታ ይመስላል። ይመስላል ያልኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ነው፣ የቀሩት ሦስቱ ግን ምክንያት ናቸው። ፎቶውን ግን አነሳው። 23ኛው ጨዋታውን ወደ ኮኮናት ወሰደው። ሰው የሌለበት በሚመስል ደሴት ላይ እንኳ እያንዳንዱ የኮኮናት ዛፍ ባለቤት አለው። የደረቀው ፍሬ፣ ኮፕራ የሚሉት፣ የቤተሰብ ገቢ ነው፤ መንግሥትም ዋጋውን ይደጉማል። ለጥም ተብሎ ዝም ብሎ አይቆረጥም።

ጨዋታ ጨዋታን ያነሳል። 24ኛው የኒውዚላንዱን ቶም ኒልን አነሳ። ሰውዬው በኩክ ደሴቶች ሱዋሮ በሚባል አቶል ላይ ብቻውን 16 ዓመት ኖሯል። የሚጠጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ጠባቂ ወታደሮች ትተውት በሄዱት ቤት ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነበር። 25ኛው አረመው፦ 16ቱ ዓመት በሦስት ጊዜ የተከፈለ እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይደለም፣ የተጀመረውም በ1952 ነው። በ1954 ጀርባውን ታሞ መንቀሳቀስ ሲያቅተው፣ በአጋጣሚ የደረሰች ጀልባ ናት ያተረፈችው። ያች ጀልባ ባትመጣ ብዬ ትንሽ አሰብኩ።

26ኛው ያው ሱዋሮ ላይ በ1942 የሆነውን አመጣ። አውሎ ነፋስ ደሴቱን ሲጠርገው፣ ሮበርት ዲን ፍሪስቢ የተባለ አሜሪካዊ ልጆቹን ከዛፍ ጋር በገመድ አስሮ አተረፋቸው። 27ኛው ተቆጣ። የሁለት ልጆች እናት ስለ ውኃ በጠየቀችበት ቦታ ልጅ ከዛፍ ስለማሰር ማውራት ምን ይሉታል? ልክ ነው። 28ኛው ሁለቱንም አበረደ። እዚያ አካባቢ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፤ እነሱ ሰኔ ላይ ነው የሚደርሱት። 29ኛው ግን አላስቻለውም። በ1973 ከፓናማ ወደ ጋላፓጎስ ሲጓዙ ዓሣ ነባሪ ጀልባቸውን የሰበረባቸውን እንግሊዛውያን ባልና ሚስት፣ ሞሪስና ማራሊን ቤይሊን፣ አስታወሰ። በጎማ ጀልባ ላይ ወደ አራት ወር ገደማ ተንሳፈፉ። ዝናብ እየጠጡ፣ ኤሊ እየበሉ ቆይተው የኮሪያ ዓሣ አጥማጆች አገኟቸው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህንንም የጻፈው ለማጽናናት ነው። 30ኛው ጠያቂዋ ገና ክሩን እያነበበች እንደሆነ ወይስ ጀልባዋን ልትሸጥ እንደሄደች ጠየቀ።

31ኛው እኔ ነኝ። ሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ነበር። በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት እንዴት እንደሚዘልቅ ጻፍኩ። ዕቃ በሁለት ሳፋ ይታጠባል። የማለቅለቂያው ውኃ አይደፋም፣ ለሚቀጥለው ማጠቢያ ይሆናል። የማጠቢያው ደግሞ ሽንት ቤት ይገባል። ልጆች የየራሳቸው ኮዳ አላቸው፤ የማን እንዳለቀ ስለሚታይ ማንም ማንንም አይከስም። ልኬ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

32ኛው ሙልጭ አደረገኝ። ጀልባ ላይ ሽንት ቤት የሚለቀቀው በባሕር ውኃ እንደሆነ ሕፃን እንኳ እንደሚያውቅ፣ ባሕር ያላየ ሰው እዚህ ባይጽፍ እንደሚሻል ነገረኝ። በቤቴ ባዶ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን አፈርኩ። 33ኛው ግን ቆመልኝ። ስለ ሽንት ቤቱ ብሳሳትም ስለ ሳፋውና ስለ ኮዳው ልክ እንደሆንኩ፣ ደግሞም በየሳምንቱ የሚለማመድ ሰው በዓመት አንዴ ባሕር ከሚያቋርጥ ሰው የተሻለ ሊያውቅ እንደሚችል ጻፈ። 34ኛው ሽማግሌው ናቸው፣ የ4 ሊትሩ። ውኃው ጠፍቶ ከቆየ ረጅሙ ስንት ቀን እንደሆነ በአክብሮት ጠየቁኝ። 35ኛው ላይ እውነቱን መለስኩ፣ አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት። 36ኛው ላይ ሦስት ሳምንት የእሳቸው መሻገሪያ ልክ እንደነበር ጻፉ። እሳቸው ግን ነፋሱን ተከትለው መጓዛቸውን፣ እኛ አንድ ቦታ ቆመን መጠበቃችንን አስተውለዋል። 37ኛው ጠያቂዋ ናት፤ ኮዳውን ወሰደችው። በየልጁ ቀለም ልትገዛ ነው። እስከ ጠዋት አልተኛሁም፤ ውኃውም አልመጣም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ውኃን ረሳው። ከ38 እስከ 45 ስለ ዓሣና ስለ መልሕቅ ነው። ሲጓቴራ የሚባል መርዝ አለ። ኮራል ላይ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ይነሳና፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ እየበላው ወደ ላይ ይከማቻል። ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። የተመረዘ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ የሚያቃጥለው ሊመስለው ይችላል። ከሪፍ፣ ማለትም ከኮራሉ ግንብ፣ ራቅ ብሎ በጥልቁ ባሕር የሚያዝ ቱና በዚህ አይታማም። የሪፉን ግን የመንደሩን ሰው ሳይጠይቁ መብላት ሞኝነት እንደሆነ ሁሉም ተስማሙ። ስምምነት የታየው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

መልሕቁም የራሱ ጣጣ አለው። ሰንሰለቱ የኮራል ጉብታ ላይ እንዳይጠመጠም በየመሃሉ ተንሳፋፊ ኳስ ይታሰርለታል፤ ኳሱን ከዕንቁ እርሻዎች እያመለጠ ባሕር ዳር የሚጣለውን እየለቀሙ ይጠቀሙበታል። ወደ አቶሉ መግቢያ በሩ ላይ ደግሞ፣ ባሕሩ ሲገባና ሲወጣ ውኃው እንደ ወንዝ ስለሚፈስ፣ የሚረጋበት ሰዓት ተጠብቆ ነው የሚገባው። አንዱ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ገብቶ ሞተሩን ሙሉ ከፍቶ ወደ ኋላ እንደሄደ ሳይሸሽግ ተናገረ። ወደድኩት።

46ኛው ስታርሊንክ የተባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት አነሳ። ዛሬ መካከለኛው ፓሲፊክ ላይ ሆኖ የአየር ትንበያ በስልክ ማየት ስለሚቻል ይህ ሁሉ ፍርሃት ከንቱ እንደሆነ ጻፈ። 47ኛው ስታርሊንክ ባሕሩን አበላሸው ባይ ነው። ድሮ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ስም ይጠራ ነበር፤ ያለህበትን ትናገራለህ፣ የጎደለ ሰው ካለ ይታወቃል። ዛሬ ሁሉም አንድ ካርታ ከፍቶ አንድ ቦታ መልሕቅ ይጥላል። 48ኛው፣ 47ኛው ራሱ ይህን የጻፈው በስታርሊንክ መሆኑን አስታወሰውና ሁለት ቃል ጨመረ። 49ኛው አወያዩ ናቸው፤ ሁለቱን ቃላት አጥፍተዋል። ምን እንደነበሩ አላየሁም፣ ቆጭቶኛል።

50ኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። መሐንዲስ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 8 ካሬ ሜትር ሸራ ቢወጥሩና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 160 ሊትር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ግን እንዲፈስ መተው ነው፤ ሸራው ላይ ቀን ሙሉ የተረጨው ጨው መታጠብ አለበትና። 51ኛው አመሰገነ። 52ኛው መልካም ጉዞ ተመኘ። ከዚያ ጸጥታ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። በየማክሰኞው ገብቼ አየዋለሁ። ባለቤቴ ከማን ጋር ነው የምትጻጻፈው ማለት ጀምራ ነበር።

53ኛው ሰኔ ላይ መጣ። ጠያቂዋ ፋካራቫ የሚባል የቱአሞቱ አቶል ላይ ናት፣ ሮቶአቫ የሚባለው መንደር ፊት ለፊት መልሕቅ ጥለዋል። የመንደሩን ስም ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ በዚያ አካባቢ ቋንቋዎች ሮቶ ሐይቅ ወይም ውስጥ ማለት ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ውኃ ይጠብቃል። ማሽኑን ገዝተው ነበር። በ12ኛው ቀን የፓምፑ ጎማ ተበላና ቆመ። ታንከሩና ስምንት ጀሪካን አሻገራቸው። 22 ቀን ፈጀባቸው፤ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ተኩል ተጠቅመዋል። አንድ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ከደስታ የተነሳ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች መተው ረስተው 40 ሊትር ጨዋማ ውኃ ያዙ። ልብስ ታጠቡበት። ማርኬሳስ ላይ ማሽኑ ተጠገነ፣ ልጆቹም ጭንቅላት በሚያክል ግሬፕ ፍሩት ሆዳቸው እስኪነፋ ጠገቡ። የልጁ ኮዳ ባሕር ገብቶ ጠፍቷል። የልጅቷ ቢጫው አለ።

ፋካራቫ ላይ ዘጠኝ ቀን ጠብታ አልወረደም። በአሥረኛው ሌሊት ዶፍ ጣለ። ባሏ ሸራውን ሊወጥር ሲንደፋደፍ ልጆቹ በውስጥ ልብሳቸው ወጥተው በባልዲ ከሸራው ጫፍ ይቀዱ ጀመር። እሷ በእጇ የስልኳን ሰዓት ይዛ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እየቆጠረች ትጮህባቸዋለች። ሊነጋ ሲል ታንከሩ ሞልቶ በወለሉ ላይ ፈሰሰ።

54ኛው የ19ኛዋ ሴት ናት። እንኳን ደስ አላችሁ ሳትል፣ የመንደሩ ታንከሮች መሙላት አለመሙላታቸውን ብቻ ጠየቀች። 55ኛው ላይ ጠያቂዋ መለሰች። ጠዋት ከልጇ ጋር ዳቦ ሊገዙ ወርደው ነበር። ከሱቁ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ ቆመው አሸንዳውን እየጠረጉ ነበር። ልጅቷ ፈቃድ ጠይቃ ከታንከሩ አጠገብ ተንበረከከችና ከታች ጀምራ አንኳኳች። እጇ እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ ድምፁ ድፍን ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን አሮጊቷ ራሳቸው አንኳኩላት።

56ኛው የፕላስቲክ ታንከር በማንኳኳት ብዙም እንደማይለይ፣ መለኪያ ቢገጠም እንደሚሻል ጻፈ። 57ኛው መለኪያ የሚሸጥ ሰው ነው። 58ኛው የተጻፈው ትናንት ነው። አንድ አዲስ ሰው ገብቶ፣ ከላይ ያለውን አንድም ሳያነብ፣ ለአራት ሰው በቀን ስንት ሊትር እንደሚበቃ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም። ልመልስለት መጻፍ እንደጀመርኩ ቧንቧው አጉረመረመ።